አርባ እናቶችና አባቶች

እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኜ ሰው ሳማ ሰማችኝ። እሷ የምትለው እንዲያ ነው፤ እኔ በበኩሌ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቶሮንቶ ውስጥ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባል ሰፈር ባለው ሕንፃ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ በተከራየናት ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ የአውቶቡስ ጩኸት፣ የላይኛው ፎቅ ልጆች ሩጫና የሊፍቱ ማቃሰት የማይደርስበት ቦታ ቢኖር ያ ቁም ሳጥን ብቻ ነው። ካፖርቶቻችንን ግራና ቀኝ ገፋ አድርጌ፣ በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጋርጄ፣ ማይክሮፎኑን የጫማ ካርቶን ላይ አቁሜ፣ ተኮራምቼ ተቀምጬ ነው ማስታወቂያ የምቀዳው። እናቴ አበራሽ በስፖንሰር ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። የጠበቃ ቢሮ፣ የገንዘብ መላኪያ፣ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ስቀዳ ብዙ ጊዜ ስለሰማች ቁም ሳጥኑ ሲያወራ አይደንቃትም። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ሹራቧን ልትወስድ መጥታ እጇን ወደ በሩ ስትዘረጋ እንዲህ ስል ደረሰች፦

«እናትዎን በብርድ ሜዳ ላይ ቢጥሉብዎ ምን ይሰማዎታል? ዳያን ሆልክሮፍት ይህን አድርጋለች። አርባ እናቶችና አባቶች ከቤታቸው እንዲወጡ እጇን አውጥታ ወስናለች። ነገስ ተራው የማን እናት ነው?»

በሩን ስከፍት እዚያው ቆማለች። «ማናት?» አለችኝ። የምርጫ ማስታወቂያ መሆኑን፣ ሴትዮዋ አሜሪካ ውስጥ ሃርዊክ በሚባል ካውንቲ፣ እንደ ወረዳ ያለ ነው፣ የምክር ቤት አባል ሆና ዳግም የምትወዳደር መሆኗን፣ የቀጠሩኝም የተፎካካሪዋ ሰዎች መሆናቸውን በጥድፊያ ነገርኳት። እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ የምስክር ቃል ስትመታ ነው ያረጀችው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ዘይቱን ማን ደፋው ሲባል እንኳን የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አላት። ያንኑ ጠየቀችኝ።

«አይተሽ ነው ሰምተሽ?»

«ጽፈው ሰጥተውኝ ነው፣ እማዬ። ሥራ ነው» አልኳትና ፋይሉን ልልክ ወደ ላፕቶፔ ሄድኩ።

ይህን ሥራ እንዴት እንደምወደው ካልተናገርኩ የቀረው ነገር አይገባም። አዲስ አበባ ሳለሁ ዘጠኝ ዓመት የማስታወቂያ ድምፅ ነበርኩ። የቀለም፣ የማካሮኒ፣ የሎተሪ፣ የቆርቆሮ፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ከሬዲዮው የራሴን ድምፅ እየሰማሁ ወራጅ አለ ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ቶሮንቶ ከመጣሁ ወዲህ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሬክስዴል ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ሰው አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ። ክፉ ሥራ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹን እወዳቸዋለሁ። ግን እዚያ ድምፄ «እጅዎን ያንሱልኝ» እና «አይዞዎት፣ ጨረስን» ከማለት ሌላ ጥቅም የለውም፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ባለፈው ዓመት ቶሚን አገኘሁት። ቶሚ እዚሁ የተወለደ የሐበሻ ልጅ ነው፤ ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ ከአንድ የጃማይካ ፀጉር ቤት በላይ ትንሽ ስቱዲዮ አለው፤ ማስታወቂያ በሃያ ቋንቋ ያስቀዳል። የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ ድንበር ማዶ ያለ ድርጅት አሥራ ሁለት የአማርኛ ማስታወቂያ አዘዘው። ያ ጠዋት የላክሁት የመጀመሪያው ነው። ከወደዱት ከምርጫው በኋላም የሆስፒታልና የትምህርት ቤት መልእክት ዓመቱን ሙሉ ይሰጡናል ተባለ። እኔም መጦሪያው ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለመሥራት የሚሞላውን ቅጽ ሞልቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር፣ ሰኞ ላስገባው። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ወደ ሙያዬ ልመለስ ነበር።

ጽሑፉን ያሳመርኩትም እኔው ነኝ። ቶሚ የላከልኝ ኮምፒውተር የተረጎመው ነገር ነበር፦ «ወይዘሮ ሆልክሮፍት አርባ አዛውንት ነዋሪዎችን ለማፈናቀል የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ ደግፈዋል።» ይህን ሰምቶ ማን ከወንበሩ ንቅንቅ ይላል? አዛውንት የሚለውን አወጣሁና እናቶችና አባቶች አልኩ። ብርዱን ጨመርኩ። ብርዱ ከየት መጣ ካላችሁ ከእናቴ ነው፤ የካቲት ላይ ከኤርፖርት ስንወጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ኑኃሚን፣ ሰው እዚህ ውጭ ቢያድር ይሞታል እኮ!» ያለችኝን አስታውሼ ነው። ማስታወቂያ ማለት ሰሚው ቤቱ ያለችውን እናቱን እንዲያስብ ማድረግ ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው። ቶሚ በዋዜማው የላክሁለትን ሙከራ ሰምቶ «ኑሂ፣ ዚስ ኢዝ ፋየር!» ብሎ በስልክ ጮኸ። እኔም ደስ ብሎኝ አደርኩ። ዳያን ሆልክሮፍት የምትባለው ሰው ምን እንዳደረገችና ምን እንዳላደረገች አንድ ደቂቃ እንኳን አላሰብኩም። ይህን ሳልደብቅ ልናገር።

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እናቴ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስልኳን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ የጸሎት መስመር ትገባለች። ከካናዳም ከአሜሪካም ከመቶ የሚበልጡ አማኞች ቁጥር ደውለው ኮድ አስገብተው የሚገናኙበት መስመር ነው። ብዙዎቹ በመልክ አይተዋወቁም፤ በድምፅ ግን የተዛመዱ ናቸው፣ ሲታመሙም በየግል ይደዋወላሉ። መሪው ኦታዋ ያለው ወንድም ደረጄ ነው። እሱም የጸሎቱን እኩሌታ «ወገኖች፣ እባካችሁ ሚዩት አድርጉ» እያለ ነው የሚጨርሰው፤ አንዱ ጋ ውኃ ይፈሳል፣ አንዱ ጋ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዷ ደግሞ መከፈቱን ሳታውቅ ባሏን ትቆጣለች። እኔ ቂንጬ እያማሰልኩ በግማሽ ጆሮ እሰማለሁ። የዚያን ዕለትም የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር ሲባል እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ አለኝ፣ ወንድም ደረጄ» አለች። «አሜሪካ ሃርዊክ በሚባል ቦታ ዳያን የምትባል ባለሥልጣን አርባ እናቶችና አባቶችን ከቤታቸው አውጥታ ብርድ ላይ ጥላቸዋለች። ለእነሱ መጠለያ፣ ለእሷም የንስሐ ልብ እንዲሰጣት እንጸልይ።»

ማማሰሌን አቆምኩ። ማስታወቂያው የሚለቀቀው ከቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቀድማ በነፃ አሠራጨችው። ከየስልኩ «አቤት ጌታ ሆይ!» የሚል ድምፅ ተነሣ። አንዱ ወንድም «ምን ዓይነት ጨካኝ ሴት ናት!» አለ፤ አንዲት እህት ማልቀስ ጀመረች። ያሳመርኩት ነገር እንዴት እንደሚሠራ ገበያ ሳይወጣ አየሁት፤ እውነቱን ለመናገር ለአንድ አፍታ ኮራሁ። ከዚያ ረጋ ያለ የአሮጊት ድምፅ መጣ።

«እህት አበራሽ፣ እንቁ ነኝ ከሃርዊክ። ከነዚያ ከአርባዎቹ አንዷ እኔ ነኝ።»

መስመሩ ላይ ሲፈስ የነበረው ውኃ እንኳን ተዘጋ። እማማ እንቁ ቀስ ብለው አስረዱ። የድሮው ሕንፃ ማሞቂያ ሁለት የብርድ ወራት ሙሉ ተበላሽቶ ነበር፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ ባለቤቱ ኪራይ ለመቀበል እንጂ ለሌላ አይመጣም። ካፖርት ለብሰው ነበር የሚተኙት። ሆልክሮፍት አንድ ቀን መጥታ እሳቸው ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች፣ ብርዱን ራሷ ልታየው። ከዚያ ሕንፃው እንዲዘጋ እጇን አወጣች፤ ሌላ ቤትም ተገኝቶላቸው አርባዎቹ በአንድ ቀን በአውቶቡስ ተዛወሩ። «አሁን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካልሲ እንኳን ሳላደርግ ነው የማወራችሁ» አሉ። «ሴትዮዋ እንከን የላትም አልልም። ወደ ገበያ የሚወስደንን አውቶቡስ አስቀርታብናለች፣ በሱ ገና እንከራከራለን። ሜዳ ላይ ግን አልጣለችንም። ይህን ማን ነገረሽ፣ እህቴ?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ የመታች ሴት ናት። «ከሰው ሰምቼ ነው» አለች። «ሳላጣራ ተናገርኩ፣ ይቅር በሉኝ።» ስሜን አልጠራችም። ወንድም ደረጄ ቶሎ ብሎ ለሕሙማን ወደ መጸለይ ተሻገረ። እናቴ ስልኩን አልዘጋችም፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች፣ ከንፈሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። ቂንጬው አረረ።

«በመቶ ሰው ፊት የሐሰት ምስክር ሆንኩ» አለች በመጨረሻ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቃሉ የእኔ አይደለም እንዳልላት ብርዱ የእኔ ነበር፣ እናቶችና አባቶቹም የእኔ ነበሩ። ቶሚን ኮል አደረግሁት፣ አያነሣም። «እንዳታስተላልፈው፣ እየመጣሁ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። ጫማዬን አስሬ ቀና ስል እናቴ ሹራቧን፣ በሹራቡ ላይ ካፖርቷን ደርባ በሩ ላይ ቆማለች። የት ልትሄጂ ነው ስላት «አብሬሽ» አለች።

ከሁለቱ ሊፍቶች አንዱ እንደ ልማዱ ቆሟል፤ ሌላውን አሥር ደቂቃ ጠበቅን። የፊንች አውቶቡስ ሞልቶ ነበር፤ አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ ተነሥታ ለእናቴ ቦታዋን ለቀቀችላት። ከዚያ ሰብዌይ ያዝን። እናቴ ባቡር ውስጥ ወሬ ትወዳለች። የሰውን ጫማ ታደንቃለች፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ፊደል በፊደል እያነበበች «ይኸ ምን ማለት ነው?» ትለኛለች፤ ፍራሽ ነው፣ ኢንሹራንስ ነው፣ ኮሌጅ ነው እላታለሁ፤ «ኧረ ሰዎቹ ምነው ጥርሳቸው በዛ!» ትላለች። በዚያ ቀን ፊት ለፊታችን ማስታወቂያው ላይ አንድ ቤተሰብ ሶፋ ላይ ሆኖ በጥርሱ ሁሉ ሲስቅ ነበር፤ አላነበበችውም። እኔም በሆዴ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ማስታወቂያውን ካስቀረሁት ሥራው ይቀራል፤ ሥራው ከቀረ ቅጹ ይቀራል፤ ቅጹ ከቀረ እስከ ጡረታዬ አንሶላ ነው። ባላስቀረውስ ማን ያውቅብኛል? ድንበር ማዶ ያለ ሰው ድምፄን አያውቀውም። የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሷም አጠገቤ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ በሁለት እጇ ይዛለች።

ኤግሊንተን ዌስት ላይ ስንደርስ ከዓመታት የባቡር ግንባታ የተረፈው አጥር እግረኛውን በአንድ ጠባብ መንገድ ያሳልፈዋል። ከቶሚ ሕንፃ ጎን ያለው የጨርቅ ሱቅ ተዘግቷል፣ ፓቲ፣ የጃማይካ ሳምቡሳ፣ የሚሸጠው ግን አለ፤ በር ላይ በእስክሪብቶ «ሁለት በሰባት ዶላር» ብሎ ለጥፏል። የስቱዲዮው ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። እናቴ ሁለት ጊዜ እያረፈች ወጣች። የላይኛው በር ገርበብ ብሏል፤ ገና ሳንገባ ወፍራም የወንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ ሲናገር ሰማን፤ ቶሚ አንድ ሌላ ማስታወቂያ እያስተካከለ ነው። ዳያን ሆልክሮፍት በግብራችሁ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ፣ ይላል ድምፁ። አርባ ሰዎችን አንሥታ ቅንጡ በሆነ አዲስ ሕንፃ ውስጥ አስቀመጠች፣ ሒሳቡ የናንተ ነው።

አርባ ሲል እናቴም ቁጥሩ ገባት። «ምን ይላል?» አለች። እዚያው ደረጃ ላይ ቆሜ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እሷ እንደምትወደው።

ቶሚ መልእክቴን አላየውም ነበር፤ ሲቀዳ ስልኩን ይዘጋል። ሲያየን ደንግጦ ተነሣና ለእናቴ የራሱን ወንበር አቀረበ። «እማማ፣ ዌልከም! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ሻይ ላምጣልዎት?» ጥሩ ልጅ ነው፤ ይህንንም ልናገር። እናቴ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ያቺ ሴትዮ ሰዎቹን ሜዳ ላይ ጣለቻቸው ወይስ ቅንጡ ቤት አስገባቻቸው?»

«ኢት ዲፔንድስ፣ እማማ» አለና ሣቀ። ብቻውን መሣቁን ሲያይ ተወውና ወደ እኔ ዞሮ ማስረዳት ጀመረ፤ አማርኛው ሲያልቅበት በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። የእንግሊዝኛው ማስታወቂያ ግብር የሚያማርራቸው ሰፈሮች ስልክ ላይ ብቻ ይወጣል። የአማርኛው ደግሞ አማርኛ የሚሰሙና ቤታቸው ውስጥ አዛውንት ያለባቸው ሰዎች ስልክ ላይ፣ በማኅበረሰቡ ሬዲዮም። የሰዎቹ ዝርዝር በገንዘብ ይገዛል፤ ማን እናቱን እንደሚጦር ሁሉ ይታወቃል። ሃርዊክ ውስጥ ሺህ ሁለት መቶ የሐበሻ መራጭ አለ፤ ያለፈው ምርጫ ያለቀው በሦስት መቶ ሰው ልዩነት ነው። ያኛው ሰፈር ይኼኛው የሚሰማውን መቼም አይሰማም። «ሁለቱም ቴክኒካሊ ትሩ ነው፣ ኑሂ። ቮት አድርጋለች፣ ሪከርድ አለው። እኛ ፋክት አንፈትሽም። እኛ ድምፅ ነን።»

እናቴ የገባት በከፊል ነው፤ በቂዋ ነበር። «ፍርድ ቤት ቢሆን ሁለቱም ምስክሮች ይባረሩ ነበር» አለች። «አንደኛዋ ደግሞ ልጄ ናት።»

ድምፄንም የጻፍኩትንም ከማስታወቂያው አውጣልኝ አልኩት። ቶሚ ራሱን ያዘ። ፋይሉ ማለዳ ሄዷል፤ ውል አለ፤ አሥራ አንድ ማስታወቂያ ቀርቷል፤ ከሱ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ሥራ አለ። «ይህን ያመጣሁት ለኔ ብቻ ነው? ላንቺም እኮ ነው!» አለኝ። «ኤግሊንተንን ሲቆፍሩት ደንበኛ ሁሉ ጥሎኝ ሲሄድ ያቆመኝ እንዲህ ያለ ሥራ ነው።» እውነቱን ነው። ውሸታም ልለው ብፈልግም አፌ እሺ አላለኝም። እናቴ ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች፤ ለእማማ እንቁ በቪዲዮ ደወለችና ስልኩን የቶሚ የድምፅ መቅጃ ማሽን ላይ አቆመችው።

እማማ እንቁ አነሡ። እንደ ትልልቅ ሰው ሁሉ ካሜራውን ወዴት እንደሚያዞሩ አያውቁም፤ ለረጅም ጊዜ ያየነው ጣሪያቸውን ብቻ ነው። ነጭና ደረቅ ጣሪያ፣ አንዲት የውኃ ምልክት የሌለበት። እናቴ ጠዋት ያሉትን እስቲ ለዚህ ልጅ ይድገሙለት አለቻቸው። ደገሙለት። ካፖርት ለብሰው ይተኙ የነበሩበትን፣ ሴትዮዋ መጥታ የተቀመጠችበትን፣ አውቶቡሱን። ሲጨርሱ ስልኩ ከእጃቸው አዳለጠና ወለሉንና ባዶ እግራቸውን አየን። ካልሲ የለም። ጣቶቻቸው ተዘርግተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አሁን አይተህ ነው» አለችው እናቴ።

ስልኩ ሲዘጋ ቶሚ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና ኢሜል ጻፈ፤ ሲጨርስ አነበበልን። የአማርኛዋ ድምፅ ራሷን አግልላለች፤ ያሻሻለችውን ጽሑፍም ወስዳለች፤ ከቤቱ ነዋሪዎች አንዷ የተባለው አሳሳች መሆኑን ነግራናለች። መልሱ በሃያ ደቂቃ መጣ። አልተቆጡም፣ ያ ነው የገረመኝ። ችግር የለም፣ ይላል፤ የመጀመሪያውን ትርጉም በኮምፒውተር ድምፅ እናወጣዋለን፤ ለቀሩት አሥራ አንዱም ሴትዮዋ አታስፈልገንም። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት ነገር በሦስት መስመር ተዘጋ። «የእንግሊዝኛውን ግን መተው አልችልም፣ ኑሂ። ሬንት አለብኝ» አለ ቶሚ ዓይኔን ሳያይ። እዚያ እስካለን ድረስ ግን መልሶ አላጫወተውም። ሌላ ነገር ሲመጣ እደውልልሻለሁም አለኝ፤ በግማሽ አመንኩት።

ደረጃው ላይ እንባዬ መጣ። ለዳያን ሆልክሮፍት አይደለም፣ አላውቃትም፤ ለራሴ ነው ያለቀስኩት። ለሬዲዮዋ ሴትዮ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ለሚሰማት። እናቴ አላባበለችኝም። ክንዴን ያዘችና ደረጃውን የፈራች አስመስላ እስከ ታች አልለቀቀችኝም። ታች ስንደርስ ከአንገቷ በታች ካለው ኪሷ የተጠቀለለ አሥር ዶላር አውጥታ ፓቲ ቤቱ ገባች፤ በጣቷ ሁለት ብላ አሳየች፤ ቆመን በላን። «ቅመሙ ደግ ነው» አለች። ከጠዋት ጀምሮ ያወራችው የመጀመሪያው ተራ ወሬ ስለሆነ አንጀቴ ራሰ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤታችን ነበርን። ጥቂት ቆይቶ እማማ እንቁ ደወሉ። ማስታወቂያው በጎረቤታቸው ስልክ መጥቷል፤ ስልካቸውን አጠገቡ አድርገው አሰሙን። የማትተነፍስ አንዲት ሴት «አርባ አዛውንት ነዋሪዎችን ለማፈናቀል የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ» አለች፣ ነዋሪዎችንም ማፈናቀልንም ውሳኔንም በአንድ ዓይነት ቃና። «ይቺ ደግሞ ባንክ ሲደወል አንድን ይጫኑ የምትለዋ አይደለችም?» አሉ እማማ እንቁ፤ ከኋላቸው ሌሎች አሮጊቶች ሲሥቁ ተሰማ። እናቴም ሣቀች። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልሣቅኩም፤ የሚያምናት ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስልኩን ከእናቴ ተቀበልኩ።

«እማማ እንቁ፣ ኑኃሚን ነኝ፣ ልጇ። ጠዋት እናቴ ከሰው ሰማሁ ያለችው ከእኔ ነው። ብርዱንም ሜዳውንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «እናትሽ ‹ልጄ የሬዲዮ ሰው ናት› ስትለን ስምንት ወሯ ነው። እሺ፣ ይቅር ብያለሁ። ነገ ጠዋት መስመሩ ላይ ለሌሎቹም ትነግሪያቸዋለሽ።» እነግራቸዋለሁ አልኩ። «እንግዲያው አሁን አንድ ነገር ታደርጊልኛለሽ። ማስታወቂያ በቀን ሃያ ጊዜ ይመጣልናል፤ የምርጫው ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ መጥቶ የሚያነብልን አጣን። ልጆቻችን ሥራ ላይ ናቸው፤ ሲመጡም እዚህች ጋ ቀቢ ብለውን ይሄዳሉ። እዚህ ቤት አማርኛ የምንሰማ ዘጠኝ ነን፣ ሁላችንም ተሰብስበናል። አንብቢልን። ማንን ምረጡ እንዳትይን ብቻ፤ እሱን ለኛ ተዪው።»

የወረቀቱን ፎቶ ላኩልኝ። ለትርጉሙ ማስታወሻ የምይዝበት ወረቀት ስፈልግ ቦርሳዬ ውስጥ ያገኘሁት ያንኑ ሰኞ ላስገባው የነበረውን ቅጽ ነው፤ ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። ከዚያ በልማድ ስልኩን ይዤ ወደ ቁም ሳጥኑ ስሄድ እናቴ ጠራችኝ። «ምን የሚደበቅ ነገር አለና? እዚህ ተቀመጪ» አለች። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ከላይ ልጆቹ ይሮጣሉ፤ ሊፍቱ ያቃስታል። ከወዲያ ወንበር ሲጎተት፣ አንዱ ሲስል፣ አንዷ «ዝም በሉ፣ ጀመረች» ስትል ይሰማል። እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ፍርድ ቤት እንደለመደችው እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ትጠብቃለች።

መመሪያውን አነበብኩ። በጥቁር ቀለም ይሙሉ፤ ከአንድ በላይ አይምረጡ፤ ከተሳሳቱ ሌላ ወረቀት መጠየቅ ይችላሉ። ከዚያ የካውንቲው ምክር ቤት ጋ ደረስኩ። መጀመሪያ የተፎካካሪዋ ስም ነው፤ ግሌን ማክአርድል አልኩ፣ የመብራት ሒሳብ እንደማነብ። ዳያን ሆልክሮፍት አልኩ፤ ስሟ ላይ ስደርስ ድምፄ ሳላዘው ሞቀ፣ እንደ ጥሩ ማካሮኒ። እናቴ አንድ ጣቷን አነሣች።

«ድገሚው» አለች። «አደላሽ።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሙቂው፣ አሳዝኚው፣ አጓጊው ያሉኝ ሰዎች ናቸው እንጂ እኩል አድርጊው ያለኝ ሰው የለም። እንደገና ጀመርኩ። አሁን ደግሞ ማክአርድልን ለመካስ ስል አለሰለስኩት፤ ለራሴም እንደ ሽንገላ ተሰማኝ። የእናቴ ጣት አልወረደም። ውኃ ጠጣሁ። ጀርባዬን አቀናሁ። እዚያ ማዶ ዘጠኝ ሰዎች ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ፤ እንዲህ ተጠብቄ አላውቅም። ግሌን ማክአርድል አልኩ። ዳያን ሆልክሮፍት አልኩ። ሁለት ስም፣ ሁለት ሰው፣ ምንም ሳልጨምር።

እናቴ ጣቷን አወረደች።

«አሁን በደንብ ተሰማን» አሉ እማማ እንቁ። «ቀጥዪ፣ ልጄ። ጀርባውም ላይ ጽሑፍ አለ።»